ጠባብ ቦታ ላይ መንገድ ስታሰፉ አደጋውን አስቀድማችሁ አስሉ

ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር፣ ለጅማ ከተማ አስተዳደር፣ እንዲሁም በጅማና በዙሪያዋ መንገድ ለሚነድፉና ለሚቆጣጠሩ አማካሪ መሐንዲሶች

ጉዳዩ፦ በጠባብ ቦታ የሚሰፋ መንገድ ንድፉ ከመጽደቁ በፊት የአደጋ ትንተና እንዲሠራለትና ውጤቱ ለነዋሪው እንዲገለጽ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ፣

ጅማ መንገዷ እንዲሰፋ ትፈልጋለች። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምጽፈው ደብዳቤዬ ልማት ለማደናቀፍ የተጻፈ ተደርጎ እንዳይነበብብኝ ነው። ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ የአጋሮና የበደሌ፣ የቦንጋና የሚዛን፣ የጭዳና የሶዶ መንገዶች የሚገናኙባት፣ የቡናው፣ የማሩና የጣውላው ጭነት ሁሉ በመሐሏ የሚያልፍ ከተማ በጠባብ አስፋልት ላይ ለዘለዓለም ልትኖር አትችልም። መስፋቱን አልቃወምም፤ የምጠይቀው ስለ አሰፋፉ ነው። ቦታ ሲጠብ ከመንገዱ ላይ ምን እንደሚቀነስ የሚወስነው ማን ነው? የሚወስነውስ በምን ስሌት ነው?

የመንገድ ሥራ ያየ ሰው ነገሩ እንዴት እንደሚሄድ ያውቀዋል። ቀያሹ ሜትሩን ዘርግቶ በንድፉ የተጻፈው ስፋት መሬት ላይ እንደሌለ ያያል። በአንድ በኩል የተቆረጠ ቀይ አፈር ቆሟል፤ በሌላው በኩል የሱቆች ረድፍ፣ የመስጊድ ወይም የቤተ ክርስቲያን አጥር፣ ወይም ወደ ጅረት የሚወርድ ገደል አለ። ወሰን ማስከበር ካሳ ይጠይቃል፤ ካሳው ጊዜና ገንዘብ ይፈልጋል፤ ሥራ ተቋራጩ ደግሞ ማሽኑን አሰልፎ ይጠብቃል። በዚህ ጊዜ ቅነሳ ይጀመራል። የመኪና መስመሮቹ አይነኩም፤ እነሱ የፕሮጀክቱ ስም ናቸው። አካፋዩ ይቀጥናል። የመንገዱ ትከሻ፣ ማለትም ከመኪና መስመሩ ውጭ ያለው ዳር፣ ከሜትር ተኩል ወደ ግማሽ ሜትር ይወርዳል፤ ቀጥሎም ይጠፋል። የእግረኛው መንገድ በፍሳሽ ቦዩ ክዳን ላይ ይሆናል። በመጨረሻ እግረኛው የሚያገኘው ከመኪናው የተረፈውን ነው። ማንም ተቀምጦ «እግረኛውን እናስወጣው» ብሎ አልወሰነም፤ ነገር ግን ወጥቷል።

ይህ ቅነሳ በግምት የሚሠራበት ዘመን አልፏል። የአሜሪካ የክልል አውራ ጎዳና መሥሪያ ቤቶች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው የአውራ ጎዳና ደህንነት መመሪያ ውስጥ ለእያንዳንዱ የስፋት ለውጥ የአደጋ ማባዣ፣ ማለትም አደጋው በስንት እጥፍ እንደሚለወጥ የሚያሳይ ቁጥር፣ ተቀምጦለታል። በቀን ከ2,000 በላይ ተሽከርካሪ የሚያልፍበትን ባለ ሁለት መስመር የገጠር መንገድ እንውሰድ። የአንዱ መስመር ስፋት ከ3.65 ሜትር ወደ 3.35 ሜትር ቢቀነስ ከስፋት ጋር የሚያያዙት አደጋዎች፣ ማለትም ከመንገድ መውጣት፣ ፊት ለፊት መጋጨትና ጎን ለጎን መተሻሸት፣ በ5 በመቶ ያህል ይጨምራሉ። ትከሻው ከ1.80 ሜትር ወደ 60 ሴንቲ ሜትር ሲወርድ ግን ጭማሪው 30 በመቶ ነው። ትከሻው ጨርሶ ሲጠፋ 50 በመቶ ይደርሳል።

እነዚህን ቁጥሮች አንድ ንድፍ አውጪ ጎን ለጎን አስቀምጦ ይመልከታቸው። ከእያንዳንዱ መስመር 30 ሴንቲ ሜትር ወስዶ ለትከሻ መስጠት በጠባብ ቦታ ላይ ከሚገኙት ርካሽ መፍትሔዎች አንዱ ነው። አንድም ቤት አይፈርስም፤ አንድም ተጨማሪ ሜትር አስፋልት አይነጠፍም፤ የሚለወጠው ቀለሙ የሚቀባበት ቦታ ብቻ ነው። እኛ ዘንድ ግን የተለመደው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ መስመሩ ሙሉ ሆኖ እንዲቀር ትከሻው ይሠዋል። (መስመሩን ከ3 ሜትር በታች ማውረድ ሌላ ጉዳይ ነው። ተሳቢ የሚጎትት መኪና በሚበዛበት መንገድ ላይ እንዲህ እንዲደረግ አልመክርም፤ መመሪያውም በዚያ ስፋት ላይ ማባዣውን በብዙ ከፍ ያደርገዋል።)

እነዚህ ቁጥሮች የተገኙት ከአሜሪካ ገጠር ነው። እዚያ ትከሻ ማለት የተበላሸ መኪና የሚቆምበት፣ መሪ የሳተ ሹፌር የሚመለስበት ቦታ ነው። እኛ ዘንድ ትከሻ ሰው የሚሄድበት መንገድ ነው። ስለዚህ የእኛ ኪሳራ ከዚያ ይበልጣል እንጂ አያንስም።

ይህን ለማየት ሐሙስ አመሻሽ ላይ ገበያ ሲበተን ከከተማዋ በሚወጡት መንገዶች ዳር መቆም ይበቃል። የሄርማታ የሐሙስ ገበያ ከአባ ጅፋር ዘመን ጀምሮ የዴዶን፣ የሰቃን፣ የማናንና የቀርሳን ሰው ሲሰበስብ የኖረ ነው። ሴቶቹ ጀርባቸው ላይ ያዘሉትን ይዘው፣ ከፊታቸው ባዶ ጆንያ የተጫነች አህያ እየነዱ፣ በቦዩ ክዳን ላይ ተሰልፈው ይሄዳሉ። ክዳኑ ሙሉ በሆነበት ቦታ ሁሉ ነገር ሰላም ነው። አንዱ ክዳን ተሰብሮ ወይም ተነሥቶ ክፍት ጉድጓድ ሲያጋጥም ግን ሰልፉ ወደ አስፋልቱ ይወርዳል፤ ሌላ የሚረገጥ መሬት የለምና። ከኋላ የመጣው ባጃጅ እነሱን ለማለፍ ወደ ግራ ይታጠፋል። ባጃጁን ተከትሎ የሚመጣው አይሱዙ ከፊቱ የተደቀነበትን አስቀድሞ አላየም፤ እሱም ወደ ግራ ይታጠፋል። ከፊት ለፊት የሚመጣው ደግሞ የራሱን መስመር ይዞ ነው። በፖሊስ መዝገብ ላይ ይህ ቢደርስ «ያለአግባብ መቅደም» ተብሎ ይጻፋል። መነሻው ግን አንድ የተሰበረ ክዳንና ንድፉ ላይ የተሠዋ አንድ ሜትር ነው።

የዚህ ዓይነቱ ንድፍ «ደረጃውን ጠብቋል» ተብሎ ሊጸድቅ መቻሉ ነው የሚያሳስበኝ። ካናዳዊው የትራፊክ ደህንነት ተመራማሪ ኤዝራ ሃወር ይህን ልዩነት አጥብቀው ሲያስተምሩ የቆዩ ሰው ናቸው። በወረቀት ላይ ደረጃውን ማሟላት አንድ ነገር ነው፤ በመንገዱ ላይ በእውነት ስንት ሰው እንደሚጋጭና እንደሚሞት ማወቅ ሌላ ነገር ነው። ደረጃ የሚነግረን ከአንድ ወሰን በላይ ወይም በታች መሆናችንን ብቻ ነው። ከወሰኑ በታች በአንድ ስንዝር የወረደ ንድፍ ገዳይ ነው ማለት አይደለም፤ ከወሰኑ በላይ የሆነውም የሚያድን ላይሆን ይችላል። ቦታ ሲጠብ ሁሉንም ደረጃ በአንድ ጊዜ ማሟላት ስለማይቻል፣ ከየትኛው ደረጃ ብናፈነግጥ ጉዳቱ ያንሳል ብሎ መጠየቅ ግድ ይሆናል። ይህን የሚመልሰው ትንተና ነው።

ከስፋት በላይ የሚያስፈራኝ ጥምዝ ነው። የጅማ ዙሪያ ኮረብታ ስለሆነ መንገድ ሲሰፋ ብዙውን ጊዜ ተጨማሪው ስፋት የሚገኘው ወደ ጥምዙ ውስጠኛ ጎን ተገብቶ ወይም የድጋፍ ግንብ ወደ አስፋልቱ ቀርቦ ተሠርቶ ነው። በዚህ ጊዜ የሹፌሩ እይታ ያጥራል። ስሌቱ ቀላል ነው። የጥምዙ ራዲየስ 100 ሜትር ቢሆንና ከመስመሩ መሐል እስከ ግድግዳው 5 ሜትር ቢኖር፣ ሹፌሩ ወደ ፊት 63 ሜትር ያህል ያያል። በማስፋቱ ምክንያት ያ 5 ሜትር ወደ 3 ቢወርድ እይታው 49 ሜትር ይሆናል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ከፊቱ ያለውን አይቶ ለመቆም በንድፍ መመሪያዎች የሚሰላለት ርቀት 65 ሜትር ነው፤ ለ40 ኪሎ ሜትር ደግሞ 50 ሜትር። እንግዲህ ያ ጥምዝ ከመስፋቱ በፊት ለ50 የቀረበ ነበር፤ ከሰፋ በኋላ ለ40 እንኳ አይበቃም። ሹፌሩ ግን ሰፊና አዲስ አስፋልት ስላየ 60 እና 70 ይነዳዋል።

በዚህ ቦታ ላይ ያለው ምርጫ ብዙ አይደለም። ወይ የአፈሩን ግድግዳ ወደ ኋላ መግፋት፣ ወይ መንገዱን በጥምዙ ውጫዊ ጎን ማስፋት፣ ወይ ፍጥነቱን በሚያስገድድ መንገድ ማውረድ ነው። ግድግዳውን ይበልጥ ቀጥ አድርጎ መቁረጥ ቦታ የሚያተርፍ ይመስላል፤ ነገር ግን በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ በሚወርድበት አገር ቀጥ ያለ የሸክላ አፈር ክረምት ሲገባ የት እንደሚያድር ሁላችንም እናውቃለን። አፈሩ መንገዱ ላይ ሲወርድ ደግሞ አንዱ መስመር ይዘጋል፤ ሰፊው መንገድ ከበፊቱ የባሰ ጠባብ ይሆናል።

ፍጥነቱ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። መንገድ ሲሰፋ ሹፌር ይፈጥናል፤ ይህን ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም። የሚያስከትለውን ለማወቅ ግን ጥናት አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ በጨመረ ቁጥር ሰው የሚሞትበት አደጋ የመድረስ ዕድል በ4 በመቶ ያህል ይጨምራል። ይህን ወደ እኛ መንገድ አምጡት። በመስፋቱ ምክንያት አማካዩ ፍጥነት ከ50 ወደ 55 ከፍ ቢል የሞት አደጋው ወደ አንድ ተኩል እጥፍ ይጠጋል። ይኸው ድርጅት በመኪና ፊት የተመታ እግረኛ የመሞት ዕድል ከ50 ወደ 65 ኪሎ ሜትር ሲወጣ 4.5 እጥፍ እንደሚሆን ያስረዳል። እንግዲህ የጉዞው ጊዜ በደቂቃዎች ቀነሰ ተብሎ ሲመረቅ ከጀርባው ይህ ሒሳብ አለ። ሒሳቡ ከምርቃቱ በፊት መሠራት አለበት፤ መፍትሔውም በንድፉ ላይ መታየት አለበት። ከፍ ያለ የእግረኛ መሻገሪያ፣ ወደ ከተማ መግቢያ ላይ የሚጠብ በር መሰል አሠራር፣ አደባባይ፤ እነዚህ አስፋልቱ ከመነጠፉ በፊት ከተነደፉ ርካሽ ናቸው። ነዋሪው ልጁ ከተገጨበት በኋላ በድንጋይና በአፈር የሚሠራው ጉብታ ግን ለማንም አይበጅም።

ስለ መሻገር እንነጋገር። ሰው በሰከንድ 1.2 ሜትር ቢራመድ ባለ ሁለት መስመሩን 7 ሜትር በ6 ሰከንድ ያቋርጣል። አራት መስመር ሲሆን 14 ሜትር በ12 ሰከንድ ይሆናል። ጭነት የተሸከመች ወይም ዕድሜዋ የገፋ እናት በሰከንድ 0.9 ሜትር ብትሄድ ወደ 16 ሰከንድ ይደርሳል። በ16 ሰከንድ ውስጥ በ60 ኪሎ ሜትር የሚመጣ መኪና ከ260 ሜትር በላይ ይጓዛል። እናቲቱ እግሯን ስታነሣ መኪናው ከጥምዙ በስተጀርባ ነበር፤ ልታየው አትችልም፤ እሱም ሊያያት አይችልም። መሐል ላይ ቆማ የምትጠብቅበት አካፋይ ቢኖር ግን ስሌቱ ለሁለት ይከፈላል። በአሜሪካ የተደረጉ ጥናቶች እንዲህ ያለ ማረፊያ የእግረኛን አደጋ በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ማረፊያው ግን ሰው የሚቆምበት መሆን አለበት፤ ቢያንስ 1.80 ሜትር ስፋት ይፈልጋል። ቦታ ጠበበ ተብሎ 40 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ጥቁርና ነጭ የተቀባ የጠርዝ ድንጋይ ለእግረኛ የአህያ ባል ነው፤ ከጅብ አያስጥልም።

እዚህ ላይ «1.80 ሜትር ከየት ይመጣል?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። መልሱ ከአራተኛው መስመር ነው። ማስፋት ማለት የግድ አራት መስመር ማለት ነው ያለው ማን ነው? አካፋይ የሌለው ባለ አራት መስመር መንገድ በከተማ ውስጥ ከሁሉም የከፋው አሰላለፍ ነው ብዬ በድፍረት እናገራለሁ። ወደ ግራ የሚታጠፍ ባጃጅ በፈጣኑ መስመር ላይ ይቆማል፤ ከኋላው ያለው በድንገት መስመር ይቀይራል፤ እግረኛው አንዱ መኪና ቆሞለት ሲሻገር በሁለተኛው መስመር የሚበረው ይገጨዋል። አሜሪካኖች እንዲህ ያሉትን መንገዶች መልሰው ወደ ሦስት መስመር፣ ማለትም ግራና ቀኝ አንዳንድ፣ መሐሉ ደግሞ መታጠፊያ አድርገው ሲቀይሩ አደጋው ከ19 እስከ 47 በመቶ ቀንሷል። መሐለኛው መስመር መታጠፊያ በማያስፈልግበት ቦታ የእግረኛ ማረፊያ ይሆናል። የተረፈው ስፋት ለእግረኛው መንገድና ለባጃጅ መቆሚያ ይውላል።

የባጃጅ መቆሚያ ያልኩት ለቀልድ አይደለም። በጅማ ባጃጅ የሕዝብ ማመላለሻው የጀርባ አጥንት ነው፤ ተሳፋሪ ባለበት ሁሉ ይቆማል። መቆሚያ ካልተሠራለት ቀኙን መስመር መቆሚያ ያደርገዋል። አራት መስመር ተብሎ ካሳ ተከፍሎበት፣ ቤት ፈርሶበት የተሠራው መንገድ በተግባር ሁለት መስመርና ሁለት የመኪና ማቆሚያ ሆኖ ያርፋል። ይህንን ከመሥራታችን በፊት በቆጠራ ማወቅ ይቻላል።

ከከተማ ውጭ ላለው ክፍል ደግሞ ስዊድኖች ያደረጉት ነገር ይጠቅመናል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ 13 ሜትር ስፋት ያላቸው ብዙ መንገዶች ነበሯቸው፤ ሁለት ሰፊ መስመርና ሰፊ ትከሻ ያሏቸው። ሹፌሮች መሐሉን ሲቀዳደሙበት ፊት ለፊት እየተጋጩ ያልቁ ነበር። እንደ አውራ ፈጣን መንገድ አስፍቶ ለመሥራት ገንዘቡ ከባድ ሆነባቸው። እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ በዚያው በ13 ሜትር ውስጥ ሦስት መስመር ሠርተው፣ መሐል ላይ የብረት ገመድ ዘርግተው፣ መቅደሚያውን መስመር አንዴ ለዚህኛው አንዴ ለዚያኛው አቅጣጫ እያፈራረቁ ሰጡ። ሞት በሦስት አራተኛና ከዚያም በላይ ቀነሰ። የብረት ገመዱን ጅማ ላይ እንትከል እያልኩ አይደለም። ከብትና ሰው በየመቶ ሜትሩ በሚሻገርበት መንገድ ላይ ገመድ መዘርጋት ሌላ ጣጣ ነው። እኔ የምወስደው አሠራሩን ነው፤ ያለውን ስፋት ተቀብለው በዚያ ውስጥ የትኛው አሰላለፍ ነፍስ እንደሚያተርፍ አሰሉ። ከአዲስ አበባ ስንመጣ የጊቤን ሸለቆ ወርዶ መውጣት አለ። በዚያ ዓይነት ዳገት መንገዱን ዳር እስከ ዳር ከማስፋት ይልቅ ከባድ መኪና በሚያዘግምባቸው ክፍሎች ላይ ብቻ የመውጫ መስመር መጨመር፣ በቁልቁለቱ በኩል ደግሞ ፍሬን ለከዳው መኪና ማምለጫ ማዘጋጀት ከሙሉ ማስፋት የሚሻልበት ቦታ ብዙ ነው።

ስለ ምሰሶና ስለ ድልድይ ባጭሩ። በሰፋ መንገድ ትከሻ ላይ ወገቡን ነጭ ተቀብቶ የሚቀር የመብራት ምሰሶ ካለ ያ መንገድ ሰፋ አይባልም። መንገዱ ሰፍቶ በአወይቱ ወይም በሌላ ጅረት ላይ ያለው ድልድይ ባለበት ቢቀርም እንዲሁ ነው። በጨለማ የመጣ ሹፌር መስመሩ የት እንደጠፋበት የሚያውቀው የድልድዩን ግድግዳ ሲያገኝ ነው። ሁለቱም በወጪ ዝርዝሩ ውስጥ ከመጀመሪያው መግባት አለባቸው።

«እኛ አገር መረጃ የለም» የሚለው መልስ ሁልጊዜ ዝግጁ ነው። አለ፤ ተበታትኖ ነው እንጂ። የትራፊክ ፖሊስ የዕለት መዝገብ አለ። ለፖሊስ ሳይነገር በቀጥታ ወደ ሕክምና የሚሄደውን ተጎጂ ደግሞ የሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል መዝገብ ይይዘዋል። ሁለቱን ማመሳከር ለጥቂት የምሕንድስናና የሕክምና ተማሪዎች የአንድ መንፈቅ ሥራ ነው፤ ጅማ ደግሞ ሁለቱንም የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ አላት። መዝገቡ ሲነበብ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በአንድ ቦታ ላይ በአንድ ዓመት ብዙ አደጋ ቢታይ በሚቀጥለው ዓመት ምንም ሳይሠራበትም ሊቀንስ ይችላል፤ በአጋጣሚ የበዛ በአጋጣሚ ይወርዳልና። ስለዚህ የአንድ ዓመት ቁጥር ይዞ «ጉብታ ሠርተን አደጋ አጠፋን» ማለትም፣ «እዚህ አደጋ ደርሶ አያውቅም» ብሎ መከራከርም ዋጋ የለውም። የበርካታ ዓመታት መዝገብ ከተመሳሳይ መንገዶች ልምድ ጋር ተቀናጅቶ መታየት አለበት።

መዝገቡ ሳስቶ ቢገኝ እንኳ ፍጥነት መለካት ይቻላል፤ ለመጋጨት ጥቂት የቀራቸውን አጋጣሚዎች መቁጠር ይቻላል። ስዊድን ውስጥ በሉንድ ዩኒቨርሲቲ የዳበረ ዘዴ አለ። የሠለጠኑ ታዛቢዎች መገናኛ ላይ ቆመው ማን ለማን ብሎ በድንገት ፍሬን እንደያዘ፣ ማን እንደተጠማዘዘ ይመዘግባሉ። ሰው እስኪሞት ሳይጠበቅ አደገኛው ቦታ ይታወቃል።

ቆጠራው ግን መቼ እንደሚደረግ ልብ በሉ። ክረምት ላይ ማክሰኞ ቀን የተቆጠረ የጅማ መንገድ ጅማን አይመስልም። እሸት ቡና ከጥቅምት ጀምሮ ሲለቀም የጭነት መኪናው ይበዛል፤ ገዢውም ሻጩም መንገድ ዳር ይቆማል። ሐሙስ የገበያው ቀን ነው፤ ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ደግሞ ከመስጊድ የሚወጣው ሕዝብ መንገዱን ይሞላዋል። ለመኪና ብቻ የተዘጋጀ የቆጠራ ቅጽም አይበቃም። እግረኛ፣ አህያና ጋሪ ያልተጻፉበት ቅጽ በመንገዱ ላይ ከሚንቀሳቀሰው ብዙውን ሳይቆጥር ይመለሳል።

የገንዘቡን ክርክር አልሸሸውም። በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲለቀቅ ካሳ መክፈል ግዴታ ነው፤ ካሳም ውድ ነው። ስለዚህም ነው ትንተና የሚያስፈልገው። ገንዘቡ ውስን ከሆነ ከመንገዱ ግራና ቀኝ በእኩል መጠን እየቆረጡ ሁሉንም ነዋሪ ከማስቀየም ይልቅ እይታ የሚከለክሉትን የአንድ ጥምዝ ሁለት ሦስት ቤቶች ሙሉ ካሳ ከፍሎ ማንሣት፣ በቀሪው ቀጥተኛ ክፍል ግን አጥሩን ሳይነኩ መስመሩን ማጥበብ ይሻል ይሆናል። ላይሻልም ይችላል። ይህን የሚለየው ለሁለቱም አማራጮች የሚጠበቀውን የሞትና የጉዳት መጠን አስልቶ ከወጪው ጋር ማነጻጸር ነው። አሁን የምናነጻጽረው ወጪን ከወጪ ጋር ብቻ ነው። የተጎጂው ቤተሰብ የሚከፍለው፣ የሆስፒታሉ አልጋ፣ ከትምህርት ገበታዋ የምትቀር ልጅ በየትኛውም የፕሮጀክት ሰነድ ላይ አልተጻፉም፤ ስላልተጻፉም ነጻ ይመስላሉ።

የደህንነት ኦዲት የሚባለው አሠራር ለመሥሪያ ቤቶቻችን እንግዳ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ዋጋው ግን በጊዜው ነው። ኦዲተሩ የሚመጣው የድጋፍ ግንቡ ቆሞ፣ ጠርዙ ተደርድሮ፣ አስፋልቱ ከተነጠፈ በኋላ ከሆነ ሊመክር የሚችለው ምልክት መትከልና ቀለም መቀባት ብቻ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል እንዲህ ነው። ደግሞም ኦዲት «ይህ አደገኛ ነው» ይላል እንጂ ከሌላው አማራጭ በስንት እንደሚበልጥ ወይም እንደሚያንስ አይነግርም። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ ትንተናው ግን አማራጮች ገና በእርሳስ በሚሳሉበት ጊዜ መቅደም አለበት።

ለየመሥሪያ ቤታችሁ የማቀርበው ጥያቄ የሚከተለው ነው። በጅማ ከተማና ወደ ከተማዋ በሚገቡ መንገዶች ላይ ስፋቱ በማይበቃበት ክፍል ሁሉ አማካሪ መሐንዲሱ ቢያንስ ሦስት አሰላለፍ ይሳል፤ አንዱ የግድ መስመር የማይጨምር ይሁን። ለእያንዳንዱም የሚጠበቀውን ፍጥነት፣ በየጥምዙ የሚቀረውን እይታ፣ የመሻገሪያውን ሰከንድ፣ የእግረኛውን መንገድ ስፋትና የሚጠበቀውን የአደጋ መጠን በአንድ ገጽ ላይ ያስቀምጥ። ከደረጃው ማፈንገጥ ግድ ከሆነ በምን እንዳካካሰው ጽፎ ይፈርምበት። ይህ ተጨማሪ ሥራ ስለሆነ በውሉ ውስጥ ገብቶ ሊከፈልበት ይገባል፤ በነጻ የተጠየቀ ትንተና በነጻ እንደሚሠራ ሁሉ ይሠራል። መንገዱ ከተከፈተ በኋላ ደግሞ ፍጥነቱና አደጋው ተለክቶ ከተገመተው ጋር ይነጻጸር፤ የሚቀጥለው ንድፍ የራሳችን ቁጥር እንዲኖረው።

ያቺ አንድ ገጽ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ተጽፋ መንገዱ በሚያልፍባቸው ቀበሌዎች የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ትለጠፍ። የምትለጠፈውም ካሳ ከመከፈሉና የወሰን ማስከበሩ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ይሁን፤ አጥሩ ከፈረሰ በኋላ ስፋቱ አይለወጥምና። ባለሱቁም፣ የባጃጅ ማኅበሩም፣ የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህርም አስተያየት የሚሰጡበት ቀን ይቆረጥላቸው። በዚያ ስብሰባ ላይ ስሌቱን ለማስረዳትም ሆነ ለማረም ያለ ክፍያ ለመገኘት ፈቃደኛ ነኝ፤ በከተማዋ ያሉ የሙያ ባልደረቦቼም እንደሚመጡ እገምታለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣

በመንገድ ሥራ ላይ የኖረ የጅማ ነዋሪ